የፓውዛ ቀኝና ግራ

የሚሠራን ነገር እንደሚሠራ መተው የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ አሳዩኝ፤ ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባበታለሁ። የለም። በየሰፈሩ አንድ ይመደባል። እሱ ባለበት «ሰዓቴ ልክ ነው» ብላችሁ አትናገሩ፤ ጀርባዋን ይከፍታታል። «በሬ ሲከፈት ድምፅ የለውም» ብላችሁ አትኩራሩ፤ ማጠፊያውን ዘይት ላጠጣ ብሎ ይመጣና በሩን ተሸክሞ ይሄዳል። ለዚህ ሰው በዓለም ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ እሱ ገና አልደረሰበትም።

የእኛ ሰፈር ድርሻ የደረሰን በሞተር ብስክሌት መብራት በኩል ነው። ክቡርነታቸው ጋሽ ፓውዛ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር። አንድ ቀን ግን ለኳስ ሜዳ የሚበቃ መብራት ሞተራቸው ግንባር ላይ ሰቅለው ከች አሉ፤ ከዚያ ወዲህ እናትየውም ሳይቀሩ «ፓውዛ ገባ ወይ?» እያሉ ነው የሚጠይቁት።

አንቱታውን እዚህ ላይ አነሳለሁ። ብስክሌት የተማርነው አብረን ነው፤ አንድ ቦይ ውስጥ አብሮህ የወደቀን ሰው አንቱ ብትለው ምላስህ ራሱ ይታዘብሃል።

ፓውዛ ሥራው ዳቦ ማድረስ ነው። ከእትዬ እርሾ ዳቦ ቤት ትኩሱን በሳጥን ይጭናል፣ ለየሱቁ ያዞራል። ሥራው ይሄ ነው፤ ሕይወቱ ግን መብራት ነው። ፊት ለፊት ፋብሪካው የሰጠው መብራት አለ፤ ከእሱ በላይ ዕድሜ ልኩን ጭኖ ከሞተ መኪና የተነቀለ ሌላ አለ፤ ከእሱ ጎን ደግሞ አንገቱ የሚተጣጠፍ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የነበረ፣ ዛሬም ሲበራ «አፍህን ክፈት» የሚል የሚመስል አለ። ከኋላ ቀዩ እንደ ፍም ነው። የዳቦው ሳጥን ዙሪያውን አረንጓዴና ሰማያዊ ተደርድሮበታል። ሁሉም አንድ ላይ ሲበሩ ሞተሩ እንደ ሳል በሽተኛ ይንተፋተፍና ቀጥ ይላል፤ ባትሪው አልቋላ። ያን ጊዜ ፓውዛ ይወርድና እየገፋ፣ በጥርሱ ሽቦ ነክሶ፣ መንገደኛውን ሁሉ ያጽናናል።

«አይዞህ፤ የቀረችኝ አንዲት ሽቦ ናት።»

ይቺ አንዲት ሽቦ ከማውቃት ጀምሮ ቀርታለች። ገዝቷታል፣ አስገብቷታል፣ አጣብቋታል፤ በማግስቱ ደግሞ አንዲት ሽቦ ትቀረዋለች።

ስለ እሱ ይህን ያህል ካወራሁ ስለ ራሴ ዝም ማለት ሐሜት ይሆናል። እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ሰው ለጥገና ካመጣልኝ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ እውቀቴም መጻሕፍቱን ይመስላል፤ መጀመሪያው ተገንጥሏል፣ መጨረሻው ረጥቧል። ከመሃል ከጠየቃችሁኝ ግን ማንም አይችለኝም። የኩላሊትን ሥራ አውቃለሁ፤ የት እንዳለ የሚናገረው ገጽ ነው የጠፋው።

ታዲያ በዚህች እውቀት ላይ ንዴት ጨምሩበት። በተፈጥሮዬ የማላሳልፍ ሰው ነኝ። ቧንቧ ክፍት ሆኖ ሲፈስ አላልፍም። ሰልፍ ሲጣስ አላልፍም። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ የቡና ስኒውን መንገድ ላይ ሲያለቀልቅ፣ እጄ ሙጫ እንደነከረ ወጥቼ ስለ ሕዝብ ጤና አስተምረዋለሁ። ሱቄ መታጠፊያው ላይ ስለሆነ ሁሉም በእኔ ፊት ያልፋል፤ እኔም ማንንም በነፃ አላሳልፍም። ለአፍ ዳገት የለውም። ሰፈሩም ለዚህ ውለታዬ ስም አውጥቶልኛል፦ ክላክስ። ስሙን ያወጣችው ባለቤቴ ናት የሚባል ወሬ አለ። በሕይወቴ ሳላጣራ ያለፍኩት ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ወደ ፓውዛ ልመለስ። የሠራቸው ግፎች ተዘርዝረው አያልቁም። አንድ ጊዜ ያቺን ሰማያዊ መብራት ገና የሰቀላት ሰሞን፣ ትራፊክ ፖሊሱ ከሩቅ አይቷት ተስተካክሎ ቆመ፣ መኪናዎቹን አስቆመ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። ፓውዛ ዳቦውን እንደጫነ፣ ሰላምታውን በትሕትና ተቀብሎ አለፈ። ፖሊሱ ሳጥኑን ከኋላ ሲያይ ነው የገባው። እስኪደርስበት ያፏጨው ፉጨት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሌላ ጊዜ ፍሬን ሲይዝ ክላክሱ የሚጮህ ሆነ፤ ክላክሱን ሲጫን ደግሞ የፊቱ መብራት ይጠፋል። «ይሄ እንዴት ይሆናል?» አልኩት።

«ጥበብ ነው» አለኝ። «ስቆም ሰው ይሰማኛል፤ ስጮህ ደግሞ ዓይኑን አልወጋውም።»

«አስበህበት ነው?»

«ከሆነ በኋላ አሰብኩበት።»

ይህን ሁሉ ሰፈሩ ቻለው። እኔ ያልቻልኩት የፍሬቻውን ነገር ነው። ልታጠፍ ነው ለማለት የሚርገበገቡትን ብጫ መብራቶች ፓውዛ ባማሩ በሌሎች ለወጣቸውና ሽቦዎቹን አምታታቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራውን ሲጫን ቀኙ ይበራል፣ ቀኙን ሲጫን ግራው። ሌላ ሰው ቢሆን ፈትቶ ያስተካክላል። ፓውዛ ግን ለማስተካከል ትዕግሥት የለውም፤ ትዕግሥቱ ለመጨመር ብቻ ነው።

«እኔ አውቀዋለሁ እኮ» ይላል።

«ሌላው ሰውስ?»

«ይለምደዋል።»

የሚያስቆጣው ነገር ደግሞ፣ ሰፈሩ ለመደው። ልብስ ሰፊው ለመደ። ባለ ጋሪው ሽንኩርቱን እየገፋ፣ የፓውዛ ቀኝ ሲበራ ቀና ሳይል ግራውን ይለቅለታል። እናቶች ልጅ ሲያሻግሩ «የሰው ቀኝ ቀኝ ነው፤ የፓውዛ ቀኝ ግራ ነው» ብለው ያስጠናሉ። እንግዳ ሲመጣብን መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን፣ ቀጥሎ የፓውዛን ፍሬቻ ነው የምናሳየው። ማንም አልተገጨም። ማንም አላማረረም። ከእኔ በቀር።

«ይሄ ውሸት ነው» አልኩት አንድ ቀን፣ ሞተሩን በር ላይ አስቁሜ። ብሩሼን እንደ ጎራዴ ይዤዋለሁ። «በመብራት የተነገረ ውሸት። ከተማ ሙሉ ሰው እውነቱን እየተናገረ አንተ ብቻ በየቀኑ እዚህ መታጠፊያ ላይ ትዋሻለህ።»

«ውሸት የሚሆነው የሚያምነኝ ሰው ሲኖር ነው» አለ። «ሁሉም እንደማያምነኝ ካወቀ ምኑን ዋሸሁ?»

 መልሱ ያለበት ገጽ ሳይገነጠል አይቀርም። ልብስ ሰፊው ከወዲያ ማዶ ሳቀ፤ እኔም ሱቄ ገብቼ አንድ የሕግ መጽሐፍ በንዴት ገልብጬ ጠረዝኩ። ባለቤቱ ነገረ ፈጅ ስለነበር እስካሁን አላወቀም።

እንዲህ ስንኖር የሞተሩ ዓመታዊ ምርመራ ደረሰ። ባለፈው ዓመት እንዴት እንዳለፈ ባጠያይቅ ደስ ይለኛል፤ መርማሪዋ ሳቅ አላስቆም ብሏት ነው የፈረመችለት ይባላል። ዘንድሮ ግን እትዬ እርሾ ጣልቃ ገቡ። እትዬ እርሾ ይህን ስም ያገኙት ዳቦ ስለሚጋግሩ ብቻ አይደለም፤ ሲቆጡ ቀስ እያሉ ከፍ ከፍ ይላሉ፣ በመጨረሻም ከዕቃው ይተርፋሉ። ዱቄት በዱቄት ሆነው እኔ በር ላይ ፓውዛን አገኙት።

«ስማ» አሉት፣ ገና ታች ሳሉ። «ሞተርህ ምርመራውን ካላለፈ ዳቦዬን ሌላ ሰው ያደርሰዋል።»

«ያልፋል እትዬ። የቀረችኝ አንዲት ሽቦ ናት።»

«ሽቦህን ተወኝ» አሉ፣ ከፍ ማለት ጀምረው። «ያለፈውን ሰሞን ሱቅ ሳትደርስ ሞተርህ ቀጥ ብላብህ ዳቦዬ ውጭ አደረ። ጠዋት ሰው ጥርሱን ይዞ መጣብኝ። እንጀራህ ይቺ ናት ወይስ አምፖል መሰብሰብ ነው? አንዱን ምረጥ።»

  ፓውዛ እናቱን የሚጦረው በዚያ ዳቦ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሌላ ሥራ የሚሰጠውም የለም፤ የተቀጠረበትን ቤት ሁሉ ማብሪያና ማጥፊያ ነካክቶ ነው የወጣው።

እኔ መቼም አላሳልፍም ብያለሁ። «እትዬ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?» አሉ እትዬ እርሾ።

«ስለ ሞተር ኤሌክትሪክ የተጻፈ መጽሐፍ ጠርዣለሁ።»

«ጠርዘሃል ወይስ አንብበሃል?»

«የነበረውን ያህል አንብቤያለሁ።»

ባለቤቴ ከውስጥ ሰማች። ማታ እራት ላይ «ዕውር ለዕውር ቢመራሩ ተያይዘው ገደል ገቡ» አለችና ወጡን ወደ እኔ ገፋችልኝ። ገደል ሳይሆን ቦይ መሆኑን ያኔ አላወቀችም።

እሑድ ከሰዓት ሞተሩን ሱቄ ውስጥ አስገባነው። የመጽሐፍ መጭመቂያዬን ወደ ጥግ ገፍተን፣ የወለሉን የወረቀት ቁራጭ ጠርገን፣ መጽሐፉን ወንበር ላይ ዘረጋሁ። መጀመሪያው ምዕራፍ የለውም፤ በቀጥታ «እንግዲህ ከላይ እንደተገለጸው» ብሎ ይጀምራል። ፓውዛ ጠመዝማዣውን ያዘ፤ እኔ ሥልጣኑን ያዝኩ።

«ሁሉንም ንቀል» አልኩ። «ሕጉ አንድ የፊት፣ አንድ የኋላ፣ አራት ፍሬቻ ነው የሚለው።»

የጥርስ ሐኪሙን መብራት ያዘና ቆመ። «ይቺ ለባለ ጋሪው ናት» አለ። «ሲመሽ መንገዱ ላይ ያለችው ጉድጓድ አትታየውም። ከኋላው ስመጣ አንገቷን እጠመዝዝለታለሁ።»

«ባለ ጋሪው ጠይቆህ ነው?»

«አልጠየቀኝም። አንድ ቀን ሽንኩርቱ ሲፈስ አይቼ ነው።»

ነቀለ። የመኪናውን መብራት ያዘ። «ይሄስ ለምንድን ነው?» አልኩ፣ ቀድሜው።

«የልብስ ሰፊው በር ላይ ያለችው አምፖል ከተቃጠለች ቆየች። ሳልፍ በዚህ ብርሃን ነው ቁልፉን የሚያገኘው።»

«አምፖል ገዝቶ አይቀይርም?»

«እኔ ስለማልፍ ተወው።»

«ሰማያዊዋስ?»

«እሷ አምራኝ ነው» አለ፣ አፍሮ።

ሰማያዊዋ ተነቀለች። ቀጥሎ ሳጥኑ ጥግ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ስይዝ እጄን ያዘኝ። «ይቺን ተዋት። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው። አረንጓዴ ሲያልፍ ካየች እኔ ነኝ ብላ በር ትከፍታለች። አለበለዚያ እስክጣራ ድረስ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ትፈራለች።»

መጽሐፉን ገለበጥኩ። አረንጓዴን በተመለከተ የሚናገር ነገር ፈለግሁ። መጽሐፉ ዝም አለ፤ እኔም ዕድሜ ለተገነጠለው ገጽ ብዬ ዝም አልኩ። ለምርመራው ቀን በጨርቅ ልንሸፍናት ተስማማን። ጨርቁን ያመጣው ሕግ አክባሪው እኔ ነኝ፤ የመዝገብ ጀርባ የማለብስበት ጥቁር ጨርቅ ነው፣ እንኳን መብራት ፀሐይ አያሳልፍም።

ከዚያ ወደ ፍሬቻው መጣን። ይህን ለማንም አልሰጥም አልኩ። በገዛ እጄ የግራውን ከግራ፣ የቀኙን ከቀኝ አሰርኩ። ፓውዛ ተቀምጦ ግራውን ሲጫን ግራው በራ። ቀኙን ሲጫን ቀኙ። ከራሴ በላይ ሆንኩ። ስንት ጊዜ የጮህኩበት ውሸት ሱቄ ወለል ላይ እውነት ሆኖ ይርገበገባል።

«ምን ተሰማህ?» አልኩት።

«የሌላ ሰው ሞተር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ» አለ።

መሣሪያውን ስንሰበስብ አንዲት ሽቦ ተርፋ ወለሉ ላይ አገኘናት። ከየት እንደወጣች እኔም አላወቅሁ፣ እሱም አላወቀ። ተያየን። ሁሉም ነገር ይበራል፤ ሽቦዋ ግን ትርፍ ናት። ፓውዛ አቧራዋን ጠርጎ ኪሱ ከተታት። ያቺን የታወቀች ንግግሩን ግን አልተናገረም።

በማግስቱ ምርመራውን አለፈ። መርማሪዋ ሞተሩን ዞራ ዞራ «ይሄ ባለፈው ዓመት የመጣው ነው?» ብትለው፣ «ታናሽ ወንድሙ ነው» ብሏት ፈርማለታለች። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደረሰን። እኔ ለዚያ ምሽት ተዘጋጀሁ። ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁ፤ ሸሚዝ ቀየርኩ፤ እጄን አጣጥፌ መታጠፊያው መሃል ቆምኩ። እውነት በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታልፍ ማየት እፈልጋለሁ።

ቦታውን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ጥፋቱ አይገባችሁም። ፓውዛ ዳቦውን ጭኖ ሲመጣ በግራው በኩል የእኔ ሱቅና ቦዩ አለ፤ በቀኙ ልብስ ሰፊው። የሚታጠፈው ወደ ግራ፣ በእኔ ሱቅ ጎን ነው። ልብስ ሰፊው ጨርቅ ሊያራግፍ መንገድ ላይ ወጥቷል። ባለ ጋሪው ሽንኩርቱን እየገፋ መሃል ላይ ነው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ሸሚዜን እየታዘበች ነው። ደንገዝገዝ ብሏል።

ሞተሩ መጣ። አንድ መብራት ብቻ ይዞ፣ ተላጭቶ እንደመጣ ሰው ፊቱ ጠቦ። ግራው በራ። ብጫዋ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ልብስ ሰፊው ግራ መብራቷን አየና እንደ ልማዱ «ወደ ቀኝ ሊሄድ ነው» ብሎ ወደ እኔ በኩል ተሻገረ። ባለ ጋሪው ቀና ሳይል ጋሪውን ወደ እኔ በኩል ገፋ። እኔ ደግሞ፣ ሽቦዋን በገዛ እጄ ያሰርኩት እኔ፣ አንደበቴ «ግራ ነው፣ ግራ ነው» እያለ እግሬ ወደ ግራ ዘለለ። አንደበቴ የተማረ ነው፤ እግሬ ግን የሰፈሩ ሰው ነው፣ ለዓመታት የፓውዛን ግራ ቀኝ ብሎ ኖሯል። ፓውዛ ሲታጠፍ ሰፈሩ በሙሉ፣ ጋሪና ጨርቅ ሳይቀር፣ እንደ ሙሽራ ተቀባይ ጥጉ ላይ ተሰልፎ ጠበቀው።

ፍሬኑን ያዘ። ጋሪውን ሳተ። ልብስ ሰፊውን ሳተ። እኔን ለመሳት የቀረው ቦዩ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ቀድሜው እዚያ ገብቻለሁ።

 ከዚያ ዳቦው መዝነብ ጀመረ። ትኩስ ነው፤ አንዱ ጭንቅላቴን፣ አንዱ ጉልበቴን አገኘኝ። ፓውዛ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ጭቃ እስከ ወገቡ።

«ተጎዳህ ወይ?» አለኝ።

«ቁርጭምጭሚቴ ዞሯል። አንተስ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ይቺ ቦይ ያኔም ከዚህ የጠለቀች አልነበረችም።»

ሰው ተሰበሰበ። ያ ሁሉ ዓመት ከውሸቱ ጋር በሰላም የኖረ ሰፈር፣ እውነት በመጣች በመጀመሪያው ምሽት ቦይ ገብቷል። ሁሉም ጣቱን ወደ ታች፣ ወደ እኔ ቀሰረ።

«ማን ነካው?» አለ ባለ ጋሪው፣ ሽንኩርቱን እየለቀመ።

«ክላክስ» አለ ልብስ ሰፊው። «ክላክስ ነው ያስተካከለው።»

«ምናለ ቢተወው?»

«የሰው ነገር ካልነካ እንቅልፍ አይወስደውም እኮ እሱ።»

ይህን ንግግር ስለ ሌላ ሰው ነበር የማውቀው። ቀና ብዬ ባለቤቴን አየሁ፤ ባለቤቴ ሰማዩን አየች።

እትዬ እርሾ መጡ። የተበተነውን ዳቦ አዩ፤ ቀስ ብለው ከፍ ማለት ጀመሩ። ፓውዛ ከቦዩ ወጥቶ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆመ፤ ከዳቦው ይልቅ እሱ የፈሰሰ ነው የሚመስለው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የሚጦራት እናት አለችው፣ እኔ ደግሞ በእውነት ስም ሥራውን ላሳጣው ነው። ሁላችሁም እንድትሰሙት እጽፈዋለሁ፦ እኔ፣ ክላክስ፣ ሰልፍ ሲጣስ የማላልፈው፣ ከቦዩ ውስጥ ሆኜ «ፓውዛ፣ መልሳት» አልኩ። «እንደ ድሮዋ አድርጋት። ሽቦዋን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ፓውዛ ዞሮ አየኝ። ቢመልሳት ለሥራው ይበጃል፤ ሰፈሩም ይወዳል። ኪሱ ውስጥ ሽቦም አለች።

«አይሆንም» አለ። «አሁን ልክ ሆናለች። የሚሠራ ነገር አይነካም።»

ልብስ ሰፊው ጨርቁን ጣለ። ሰማይና ምድር ቦታ ቢለዋወጡ እንዲያ አይደነግጥም ነበር።

እትዬ እርሾ ጫፍ ደርሰው ቆሙ። እሳቸውም እንዲህ ያለ ነገር ከፓውዛ አፍ ይወጣል ብለው አልጠበቁም። «እንግዲያው» አሉ፣ መውረድ ጀምረው፣ «ይሄ ሕዝብ እንደ አዲስ እስኪለምድ ድረስ ጠዋትና ማታ እየጮህክ አልፈህ አስለምደው። ክላክስ የለህም?»

ፓውዛ ሞተሩን አየ። «ወድቆ ተሰብሯል።»

እትዬ እርሾ ወደ ቦዩ ጎንበስ አሉና አዩኝ። «አንድ አለ» አሉ።

እንዲህ ሆኜ ነው የተቀጠርኩት። ጠዋት ሱቄን ከመክፈቴ በፊት፣ ማታ ከዘጋሁ በኋላ፣ ቁርጭምጭሚቴን በጨርቅ ጠፍሬ፣ በፓውዛ ጀርባና በዳቦው ሳጥን መካከል እንደ ገጽ ምልክት ተሸጉጬ እቀመጣለሁ። በየመታጠፊያው እጮሃለሁ። «ግራ ማለት ግራ ነው። ልብስ ሰፊ፣ ወደ ቤትህ። ባለ ጋሪ፣ ባለህበት።» ዕድሜዬን በሙሉ ሕዝብን ሳስተምር ለመጀመሪያ ጊዜ የምለውን የሚያደርግ ሕዝብ አገኘሁ። የፓውዛ እናትም ጨርቁ የተነሳላትን አረንጓዴ አይተው በር ከፍተው ሲጠብቁ «ዛሬስ ድምፅም ገጥመህበታል?» አሉት።

ሰፈሩ ለመደ። ለመልመድ ማን ይብለጠው። ጥቂት ሰንብቶ እናቶች «የፓውዛ ግራ እንደ ሰው ግራ ነው» እያሉ ማስጠናት ጀመሩ። ባለ ጋሪው በትክክለኛው ወገን ይለቅልን ጀመር። አዲስ ክላክስም ተገዛ፤ ሲጫኑት ይጮሃል፣ ሌላ ምንም አይጠፋም። ሥራዬ አብቅቷል ማለት ነው። ማንም ና አላለኝም፣ ማንም ውረድ አላለኝም፤ እኔም ማጣራት አልፈለግሁም። ሲመሽ ሱቄን ዘግቼ እወጣና ትኩሱን ሳጥን ተደግፌ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ «ቁርጭምጭሚትህ አልዳነም እንዴ?» ትለኛለች። «ገና ነው» እላታለሁ።

ባለፈው ሰሞን ስቀመጥ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ፣ ትከሻዬ አጠገብ፣ ጣት የምታህል አምፖል ታስራ አየሁ። አንገቷ ወደ ጭኔ ጎንበስ ብሏል።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩ። 

«መጽሐፍ ኪስህ ውስጥ እያለ ከኋላዬ ስታጉረመርም ከምትከርም ብዬ ነው» አለ፣ ሳይዞር። «ያቺ የተረፈችው ሽቦ ናት።»

«ሕጉ እኮ...»

«አውቃለሁ። ጨርቅ አለህ አይደል?»

መጽሐፌን አወጣሁ። መጀመሪያው የተገነጠለ ነው፤ ምንም አይደል፣ ከመሃል እይዘዋለሁ። አምፖሏ በራች። መንገዱ እየደነገዘ ሲሄድ ገጹ ብቻ ብጫ ሆኖ ቀረ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ፓውዛ ፍሬን ያዘ፤ አምፖሏ ድርግም አለች። ፍሬኑን ሲለቅ በራች። ሲይዝ ጠፋች። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ነው የምትጥለኝ።

«እንዴት ናት?» አለ ፓውዛ።

ሕዝብ ይመስክርብኝ፤ በሕይወቴ የተሳሳተ ነገር አይቼ ዝም አላልኩም። ጣቴን ያቆምኩበት መስመር ላይ እንደያዝኩ መብራቱን ጠበቅሁ።

«ልክ ናት» አልኩት። «እንዳትነካት።»